ከመርፌው በፊት በጆሮ የምጠይቀው

ጅማ በመጣሁ በስድስተኛው ዓመት የምሠራበት የጥርስ ክሊኒክ በአንድ ወር ውስጥ ሁለት ሰው አጣ። እንደኔ የሐኪሙ ረዳት የነበረችው አዲስ አበባ የተሻለ ቦታ አገኘች፤ ካርድ ክፍል የነበረችው ደግሞ አግብታ ባሏን ተከትላ ሄደች። የቀረነው ሐኪሙ፣ እኔና የጽዳት ሠራተኛዋ ነን። ጊዜው ደግሞ ቡና ለቀማ የተጀመረበት ነው። ዓመቱን ሙሉ ጉንጩን በሻሽ አስሮ የከረመ ሁሉ የቡና ብር ይዞ ከአጋሮም ከየገጠሩም የሚመጣው ያኔ ነው። ሐኪሙ ማስታወቂያ አስለጠፈ፤ ጠየቀ፣ አስጠየቀ። የሚመጣ ጠፋ። የተማረው ሁሉ ዓይኑ አዲስ አበባ ላይ ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነበር። እናቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ብቻዋን ናት። ሁለት ገና ቀርቼባታለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በሰው እጥረት። በስልክ "ዘንድሮስ?" ስትለኝ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ እመጣለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ነግሬያታለሁ። ይህን ለሐኪሙ ባስታውሰው፣ በቦታሽ የሚቆም ካለ ሂጂ፣ ከሌለ ግን ክሊኒኩን ዘግቼ ልሸኝሽ አልችልም አለኝ። ቀጥሎም ሲያስብበት የሰነበተውን አወጣው፤ የጽዳት ሠራተኛዋን እንዳስተምራት።

እሷ የአጋሮ ልጅ ናት፤ እኩያዬ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ ሶላቷን የማታጓድል ሙስሊም። ዕቃ ማጠቡንና መቀቀሉን ድሮም ታግዘኝ ነበር። ሐሳቡን አልተቃወምኩም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ እሷ ቶሎ ከለመደች እኔ አገሬ እገባለሁ። ደስታዬ ሁለት ሳምንት ቆየ።

የጥርስ መንቀያ ጉጠቶቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው እንድታጠና ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችና የራሷን ስም አወጣችላቸው፤ አንዱ "ቁራ"፣ አንዱ "ወይፈን"። "ዶክተር፣ ቁራውን ላቀብል?" ስትል ሐኪሙ ይስቃል። ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ አስቄው አላውቅም። ጠዋት በሽተኛ ሳይገባ ዕቃውን በየትሪው ደልድላ ታስቀምጣለች፤ ቀይ ክር የታሰረበት የነቀላ፣ ሰማያዊው የሙሌት። እሱም፣ ሦስት ሰው ሆነን የአምስት ሰው ሥራ የምንሠራው በዚህ ነው እያለ ለሚመጣው ሁሉ ያወራል። እኔም አስቤው ነበር ልል አማረኝ። ግን አላሰብኩትም፤ መዋሸት ደግሞ እፈራለሁ።

ከሁሉ የባሰው ቋንቋው ነው። የኔ ኦሮምኛ አፍህን ክፈት በሚለው "አፋን በኒ" ጀምሮ በምስጋናው "ገለቶሚ" ያልቃል። በኔ ጊዜ የወንበሩን ክንድ ሙጭጭ አድርገው ይዘው የሚንቀጠቀጡ እናቶች፣ እሷ "አዮ፣ ሂንሶዳቲና" ስትላቸው፣ እናቴ አይፍሩ ማለቷ ነው፣ ትከሻቸው ሲወርድ ይታየኛል። ከዚያ ስለ ቡናው፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጃቸው ሠርግ ነው። አፋችሁን ክፈቱ ብዬ ስለምናቸው የኖርኳቸው ሰዎች አሁን ዝጉ ቢሏቸውም አይዘጉም። አንድ ቀን ከቦሳ አዲስ ሰፈር የሚመጣ ደንበኛችን በሩ ላይ ሆኖ "ሲስተር" ብሎ ሲጣራ ቀና አልኩ። የጠራው እሷን ነው።

ማታ ማታ በጸሎቴ ስሟን አነሳለሁ፤ አግዛት እላለሁ። ከሥር ግን ሌላ ድምፅ አለ፤ ትንሽ ትሳሳት፣ አንዴ ብቻ ትሳሳት የሚል።

የማውቀውን ሁሉ አስተማርኳት፤ አንድ ነገር ሲቀር። ነጠላ የለበሰች እናት ጥርሷን ልትነቀል ስትቀመጥ፣ ከመርፌው በፊት ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ "እናቴ፣ ዛሬ ቆርበዋል?" እላለሁ። የቆረበ ሰው በዚያ ቀን አይተፋም፣ ከአፉም ደም አይወጣም። አዎ ካለችኝ ለሐኪሙ ነገ ይመለሳሉ እለዋለሁ፤ እሱ ከደቡብ የመጣ ፕሮቴስታንት ነው፣ ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። የቆረበ ሰው ደግሞ ቆርቤያለሁ ብሎ አያወራም፤ የሚያውቅ ሰው ነው መጠየቅ ያለበት። ይህችን ለእሷ አልነገርኳትም። የቤተ ክርስቲያናችን ጉዳይ ነው፣ እሷን አይመለከትም እያልኩ ራሴን አሳመንኩ። እውነቱ ግን የኔ ብቻ የሆነ አንድ ነገር እንዲቀርልኝ ፈልጌ ነው።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጠዋት ታቦቱን ሸኝቼ ከሰዓት በኋላ ሥራ ገባሁ። ካርድ ክፍል ተራዬ ነበር፤ ወንበሩ ጋ እሷ ናት። አንዲት አሮጊት ጉንጫቸው አብጦ መጡ። በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነዋል። ሕመሙ አላስቆም ብሏቸው እንደሆነና ለዛሬ ማስታገሻ ብቻ እንደሚበቃቸው ነገሩኝ። ነጠላው እንዴት እንደተያዘ አየሁ፤ ገባኝም። ዓይናቸው አንገቴ ላይ ማተቤ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ካርዱን ጻፍኩ። ማስታገሻ ብቻ የሚለውን አልጻፍኩም። "ይግቡ እማማ" አልኳቸው።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ሌላ ስም የለውም፤ እንድትሳሳት ጠበቅሁ።

መርፌውን ዝም ብለው ተወጉ፤ ማስታገሻው መስሏቸዋል። ቀጥሎ እሷ ውኃ ሰጥታ ሳሕኑን ከአገጫቸው ሥር ስትይዝ፣ "ይጉመጥመጡና ይትፉ እናቴ" ስትል ሰማሁ። ደግማ "ይትፉ፣ አይዞዎት" አለች። ስገባ አሮጊቷ ነጠላቸውን በሁለት እጃቸው አፋቸው ላይ ጭነው እንባቸው ይወርዳል። እሷ ያመማቸው መስሏት ጀርባቸውን ታሻለች፤ ሐኪሙ ጉጠቱን እንደያዘ ቆሟል። ቆርበው ነው፣ ዛሬ አይሆንም አልኩ። ደግፌ አወጣኋቸው። ከንፈራቸው ደንዝዞ ምራቃቸው እንዳይፈስ በነጠላቸው እንደያዙ ሄዱ።

ሥራ ስንጨርስ ሐኪሙ የተመኘሁትን ነገር አለኝ፤ አየሽ ሲስተር፣ አንቺ ወንበሩ ጋ ብትሆኚ ይሄ አይደርስም ነበር። ጨመረና የበዓሉን ፈቃድ እንርሳው፣ እሷ አልደረሰችም አለ።

እሷ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ታለቅሳለች። ጥፋቱን በራሷ ላይ ነው የደፋችው።

"ነጠላ የለበሱትን ሁሌ በጆሯቸው የሆነ ነገር ትያቸዋለሽ" አለችኝ። "ወላሂ፣ ጸሎት መስሎኝ ነው። የሰው ጸሎት ደግሞ አይጠየቅም ብዬ ተውኩት።"

ስድስት ዓመት ወለል እየወለወለች ስታየኝ ኖራለች ማለት ነው፤ አክብራኝም ዝም ብላለች። ያን ጊዜ እንኳ ልነግራት ይገባ ነበር። አልነገርኳትም። እናቴ ደወለች፤ አላነሳሁም።

አሮጊቷ በማግስቱ መጡ። ሐኪሙም እሷም በር ላይ ተቀብለው ይቅርታ ጠየቋቸው። እሳቸው እሷን ጉንጯን ዳበስ አደረጓት። "አንቺ በምን ታውቂያለሽ ልጄ" አሏት። ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

"አንቺ ግን ማተብ አስረሻል። አይተሽኛል፤ እኔም ሳይሽ ነበር። ነግራቸዋለች ብዬ አምኜሽ ነው ዝም ብዬ የገባሁት።"

የሚሰወርበት አልነበረም። አውቄ ነው የተውኩት አልኩ፤ ለእሳቸው፣ ለሐኪሙ፣ ለእሷ። ሐኪሙ ለምን አለኝ። ቀናሁባት አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያንሳል፤ ውስጥ ሳለ ነበር የሚከብደው።

"በኔ?" አለች እሷ። "በምኔ?"

የምትቀልድ መስሎኝ አየኋት። አልቀለደችም፤ የእውነት ግራ ገብቷታል። ቁራውን ልበላት፣ ክሩን ልበላት፣ ሂንሶዳቲናን ልበላት፤ በዛብኝ። አሮጊቷ "እሷው ትያዘኝ" ብለው ወደ ወንበሩ ገቡ። ጥርሱን ሲነቅሉላቸው እጃቸውን የያዘችው እሷ ናት። እኔ ካርድ ክፍል ነበርኩ።

ሐኪሙ ሁለት ቀን ከሥራ ውጪ አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን፣ ለገና ትሄጃለሽ፣ ከመሄድሽ በፊት ግን ጨርሰሽ ታስተምሪያታለሽ፣ ጨርሰሽ አለኝ። ያን ዕለት ከመርፌው በፊት የሚባለውን ነገርኳት። ድምፅ እንዴት ዝቅ እንደሚል፣ ሌላ በሽተኛ እንዳይሰማ በየትኛው ጎን እንደሚቆም። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ሰማችኝ፤ አደራ እንደሚቀበል ሰው።

ለገና እናቴ ዘንድ ነበርኩ። እሷ ከክሊኒኩ ትደውላለች ብዬ ስልኬን እያየሁ፣ ዕቃ ጠፍቶባቸው፣ በሽተኛ አስቸግሯቸው፣ ብቻ አንቺ ከሌለሽ አልሆነልንም እንዲሉኝ እየተመኘሁ አራት ቀን አለፈ። እናቴ ልብሽ የት ነው ትለኛለች። በአምስተኛው ቀን እሷ ከጅማ ደወለች። ፈጥኜ አነሳሁ። እንኳን ለበዓሉ አደረሰሽ አለች፣ ስለ እናቴ ጤና ጠየቀች። ሥራው ደህና ነው፤ ሁሉም ደህና ነው።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው" አለች። "ዛሬ አንዲት እናት ጠዋት ጠበል ጠጥተው መጥተዋል። ቁርባን አይደለም ብለውኛል። ግን ፈራሁ፤ ነገ ይምጡ አልኳቸው። ጠበል ለጠጣስ መትፋት ይከለከላል?"

በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው ይህን ጠይቄ አላውቅም። አንገቴ ላይ ማተብ አስሬ አስቤው አላውቅም።

ካህን ጠይቄ እነግርሻለሁ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ቀናሁ፤ እንደ በፊቱ፣ ምናልባትም የባሰ። ከዚያ ነጠላዬን አንስቼ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ፤ መልሱን ሳትጠብቅ እንድታገኘው።