አንድ የሚጎድለው ቆጣሪ

የልጅ ልጆቼ «ሳብታ፣ የዚያን የቃል መቁጠሪያ ነገር አውሪን» ብለው ያዙኝ፤ ሳብታ የሚሉት በዕብራይስጥ አያትን ነው። እኔ ፊደል ያልቆጠርሁ ሴት ነኝ፤ እኔ ላውራ፣ እነሱ ይጻፉት።

ያኔ ትልቋ የልጅ ልጄ ከእኔ ጋር ነበር የምትኖር፣ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ኢሊት በሚሉት ሰፈር። እናቷ ፋብሪካ ለፈረቃ ስትወርድ እኔና እሷ ብቻችንን እንውላለን። ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል መርጣ ገብታለች፤ የተሰጣትን ሥራ አስተካክላ ካላስረከበች ግን ከክፍሉ ያስወጧታል። ሥራው ጽሑፍ ውስጥ ያለውን ቃል የሚቆጥር ነገር መሥራት ነው። እኔ የሚጻፍ ነገር መስሎኝ ነበር። እሷ ለካ ኮምፒውተሩ ላይ ሣጥን ሣጥን ታስቀምጥና አንዱን ካንዱ በቀጭን መስመር ታያይዘዋለች፣ እንደ ሸማኔ ክር። አንዱ ሣጥን ፈልግ የተባለውን ምልክት ጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል፤ ባገኘ ቁጥር ሌላው ሣጥን አንድ ይጨምራል።

«የሚቆጠር ወሬ አውሪልኝ፣ እጽፈዋለሁ» አለችኝ።

«ምን ላውራልሽ?»

«ስለ ወለድሻቸው ልጆች።»

እኛ አገር ልጅ አይቆጠርም፤ ከብትም ቢሆን። ስንት ወለድሽ ላለ ሰው አንዱን አስቀርቶ መንገር ነው፣ ዓይን እንዳይበላቸው። እኔም እንደለመድሁት አንዱን ዘልዬ አወራሁላት፤ ወደዚህ አገር ስንመጣ ሱዳን አፈር ውስጥ የቀረውን።

ጻፈችና አስቆጠረችው። ቀጥላ ቃሉን በጣቷ እየነካች ራሷ ቆጠረች። ፊቷ ጠቆረ።

«አንድ ጎደለ።»

ክው አልሁ። መስመሮቹን ነቅላ እንደገና ሰካች፤ ያው ነው። «ነገ ነው እኮ የማስረክበው» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«ልጄ፣ ያንቺ ጥፋት አይደለም። ያጎደልሁት እኔ ነኝ። አንድ ልጅ አለ፣ ጨምሪው።»

«የምን ልጅ?»

«ሱዳን የቀረ አጎትሽ። ጡት አልጣለም ነበር።»

እንባዋን ጠረገች። «ሳብታ፣ ኮምፒውተር ጠንቋይ መሰለሽ?» አለች። ግን እምቢ አላለችኝም፤ የነገርኋትን ከታች፣ ከሁሉም መጨረሻ ጻፈችው። አስቆጠረች፣ በጣቷ ቆጠረች። አሁንም አንድ ጎደለ።

ከዚህ ወዲያ ምን ላድርግ? የተቋጠረ ክር ቢሆን በጥፍሬ በፈታሁት። የታመመ ቢሆን ውሃ ባጠጣሁት። ራሷን እያሻሸሁ ተቀመጥሁ።

እንደጎደለ አስረከበችው። ከክፍሉ ሊያስወጧት ነው ሲባል በአውቶቡስ ወርጄ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ጠበቅሁ። አስተማሪዋ ስትመጣ ተነሣሁ፤ በዕብራይስጥ መለመኛ ቃል ከየት ይምጣ? «ሻሎም» አልኋት። እሷም «ሻሎም» ብላኝ አለፈች። ተመልሼ ተቀመጥሁ። ልጅቱን ወደ ሌላ ክፍል አዛወሯት፤ ኮምፒውተሩንም ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አልነካችውም።

ስንት ዓመት አልፎ፣ ከጦር ሠራዊት ወጥታ ሥራ ከያዘች በኋላ፣ ልትጠይቀኝ መጥታ ነገረችኝ። ሣጥኑ ይፈልግ የነበረው ቃሉን አልነበረም፤ ከየቃሉ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ቦታ ነበር። ከመጨረሻው ቃል ቀጥሎ ደግሞ ባዶ ቦታ የለም፤ መጨረሻ ላይ የተጨመረ፣ ምንም ይሁን ምን፣ ሳይቆጠር ይቀራል።