ሰባተኛውና ስምንተኛው ስላይድ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። በየጾሙ ሥላሴ ሄጄ የማገኛቸው የንስሐ አባቴም ከእኔ የሰሙት ስለ ቁጣዬና ስለ ምላሴ እንጂ ስለዚህ አይደለም። እናንተ ስለማታውቁኝ ይቀለኛል።

የላብራቶሪ ቴክኖሎጂስት ነኝ። ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ሆስፒታል ረጅም ዘመን ሠርቻለሁ። ማይክሮስኮፕ ያስተማሩኝ ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ዲፕሎማ ብቻ ያላቸው፣ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነ የወሎ ሰው። ዲግሪዬን ይዤ ስቀጠር ዲግሪው ያላስተማረኝን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። የደም ጠብታ ስላይድ በሚባለው መስታወት ላይ እንዴት ሳስቶ እንደሚሰጣ፣ ወባው ከቀለም ዝቃጭ በምን እንደሚለይ። "አንተ ልጅ፣ አትቸኩል፤ ስላይዱ የትም አይሄድብህም" ይሉኝ ነበር። እኔ ግን ትንሽ እንደሠራሁ ወደ አውቶማቲክ ማሽኑ ተዛወርኩ። ናሙና አስገባለሁ፣ ማሽኑ ቁጥር ያወጣል። ዓይኔ ሥራውን ረሳ፤ ረሳሁ ብሎ መናገር ደግሞ አሳፈረኝ።

የሙያ ፈቃዳችን የሚታደሰው ተከታታይ ሥልጠና ወስደን የሚፈለገውን ነጥብ ስናሟላ ነው። የእኔ ፈቃድ ሊያበቃ ጥቂት ወራት ሲቀሩት በሆስፒታላችን አዳራሽ የሦስት ቀን የወባ ምርመራ ሥልጠና ተዘጋጀ። ሁለቱን ቀን ጠዋት እፈርምና በሻይ ዕረፍት ሹልክ ብዬ ወጥቼ፣ ወደ ምኒልክ አደባባይ ወረድ ብዬ ማኪያቶ ስጠጣ ዋልኩ። አራዳ ነኝ ባይ ነበርኩ። በሦስተኛው ቀን ፈተና ሆነ። ቁጥር ብቻ የተለጠፈባቸው አሥር ስላይዶች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ፤ እያንዳንዱ ወባ ይኑርበት አይኑርበት አይቶ በቅጹ መስመር ላይ መሙላት ነው።

ጋሽ ሰይድ አጠገቤ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያውን ስላይድ አየሁ፤ ሐምራዊ ነጠብጣብ። ሁለተኛውን አየሁ፤ ያው ሐምራዊ ነጠብጣብ። ልዩነታቸው አልታየኝም። ከዚያ የጋሽ ሰይድን ወረቀት አየሁ፣ ገለበጥኩም። አንድ ሁለቱን አይደለም፣ አሥሩንም። በየመሃሉ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኜ፣ የማይ እየመሰልኩ ገለበጥኩ።

በማግስቱ የላብራቶሪው ኃላፊ ወይዘሮ ምሕረት ሁለታችንንም ቢሮዋ አስጠራችን። ወረቀቶቻችን ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተዘርግተዋል። ስምንቱ መልስ ልክ ነው። የሰባተኛው ስላይድ መልስ ግን ስምንተኛው መስመር ላይ፣ የስምንተኛው ደግሞ ሰባተኛው ላይ ተጽፏል። በሁለቱም ወረቀት። ጋሽ ሰይድ በፈተናው ቀን የማንበቢያ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ነበር። ማይክሮስኮፕ ለማንም ዓይን ይስተካከላል፤ የቅጹ ደቃቅ መስመር ግን አይስተካከልም። ያዩት ልክ ነበር፣ የጻፉበት መስመር ነው የተሳሳተው። እኔ ምንም ሳላይ ስሕተታቸውን ጭምር ወሰድኩ።

"እነዚህ ሕመምተኞች ቢሆኑ ኖሮ ወባ ያለበት ሰው ደህና ነህ ተብሎ ይሸኝ ነበር" አለች ወይዘሮ ምሕረት። "ማን ነው ከማን የገለበጠው?"

ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነኝ። "እኔ የራሴን ነው የሠራሁት" አልኩ። አራት ቃል ነው፤ ቆጥሬዋለሁ።

ጋሽ ሰይድ ዞር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። እውነቱን እስክናገር ጠበቁኝ። እኔ መሬት መሬት ሳይ ጊዜ "ያየሁትን ነው የጻፍኩት፤ መስመር ስቼ ሊሆን ይችላል" አሉ። ኃላፊዋ ይህን ከእኔ መገልበጣቸውን እንደ ማመን ወሰደችው። እኔ ባለዲግሪ ነኝ፤ እሳቸው ጡረታ የተቃረቡ ባለዲፕሎማ። ምን ትጠርጥር? በአክብሮት ነው የነገረቻቸው። "ጋሽ ሰይድ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ከእንግዲህ ናሙና መቀበያው መስኮት ይሻልዎታል።" እኔ ሰርተፊኬት ተሰጠኝ። ትንሽ ቆይቶ የማይክሮስኮፕ ወንበራቸውም ተሰጠኝ።

የባሰውን ገና አልነገርኳችሁም። ያንን ወንበር ይዤ ማንበብ አልቻልኩም። ያልገባኝን ስላይድ በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሲወጣ ጠብቄ፣ መቀበያው መስኮት ጋ ሄጄ እጠራቸው ነበር። መጥተው ያያሉ፣ ይነግሩኛል፣ ተመልሰው የሽንት ብልቃጥ ላይ ስም ይለጥፋሉ። ውጤቱ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? እኔ ነኝ። አንድ ቀን ላመሰግናቸው ስንተባተብ "ለአንተ ብዬ አይደለም" አሉኝ። "ውጭ የተቀመጠው በሽተኛ ምን በደለ?"

ጡረታ ሲወጡ በሽኝታቸው ላይ ንግግር ያደረግኩት እኔ ነኝ። "መምህሬ" አልኳቸው። ተጨበጨበልኝ።

አሁን አሠልጣኝ ሆኛለሁ። ስላይድ ማንበቡንም ዘግይቼ ቢሆን ከእሳቸው ተምሬአለሁ። ፈተና ስሰጥ ሠልጣኞቹን አራርቄ አስቀምጣለሁ፣ የሁለት ሰው ስላይድ ተራው አንድ እንዳይሆን አቀያይራለሁ፤ ጥንቁቅ ነው ይሉኛል። ይህ ካሳ አይሆንም። ወጣት ነበርኩ እንዳልል አልነበርኩም፣ ፈራሁ ብል ደግሞ የፈራሁት ማኪያቶ ስጠጣ መዋሌ እንዳይታወቅብኝ ነው። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም።

የጋሽ ሰይድ ሰፈር ለልማት ተነሥቶ ወደ ከተማው ዳር ሲሄዱ፣ ቤታቸውን አላውቀውም ብዬ ለራሴ ምክንያት አገኘሁ። ስልካቸው ግን አልተለወጠም። በየዒዱ እደውላለሁ።

"አንተ ልጅ፣ ስላይዱ እንዴት ነው?" ይሉኛል።

"ደህና ነው፣ ጋሽ ሰይድ" እላለሁ።

ከዚያ ያን ቀን ቢሮ ውስጥ እንደጠበቁኝ ይጠብቁኛል። እኔም መልካም በዓል ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ።