ድምፁን የጨመርኩበት ቀን

ዛሬ የኮተቤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ተማሪ የስልኳን ድምፅ ስትጨምር፣ ጆሮ ይጎዳል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣባት። ሳታነበው አለፈችው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

እኔም ድምፅ የጨመርኩበት ቀን አለ፤ ያኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ አንዋደድም ነበር። ከትምህርት ቤት ስገባ «እናትሽ ወዳ የጣለችሽ መሰለሽ? አስመርረሻት ነው!» እያለች ከበር ትቀበለኝ ነበር። እሷን ላለመስማት ዘፈን የምሰማበትን ኤምፒስሪዬን ሾላ ገበያ ወሰድኩና፣ አንድ ስልክ ጠጋኝ ድምፁ ከልኩ በላይ እንዲወጣ አደረገልኝ።

አንድ ቅዳሜ ዝናቡ አባርቶ ግቢው ጭቃ ሆኗል። ከእንጦጦ በኩል የረጠበ ባሕር ዛፍ ይሸታል። ኢርፎኔን ሰክቼ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። በዘፈኑ መሀል ስሜ ሲጠራ አንድ ጊዜ ሰማሁ። ድምፁን እስከ መጨረሻው ጨመርኩት።

ኢርፎኑን ከጆሮዬ የነቀሉት ጎረቤታችን ጋሽ ታደሰ ናቸው።

«እኛ ከአጥር ማዶ ሰምተን መጣን! አክስትሽ ወድቃ ስትጮህ አንቺ እዚሁ ተኝተሻል?»

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

አክስቴ በጭቃ ተለውሳ፣ ክንዷን አቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ቀና ብላ ትክ ብላ አየችኝ።

«ሰምታለች ጋሼ። አውቃታለሁ» አለች። እንደ ልማዷ አልተሳደበችም።

ወጌሻ ቢያሻትም ክንዷ ተጣሞ ቀረ። ስለዚያ ቀን ዳግመኛ አላነሳችብኝም፤ እኔም እውነቱን አልነገርኳት። ዛሬ አርጅታለች፤ እሁድ እሁድ እየሄድኩ ገላዋን አጥባታለሁ። ጀርባዋን ትሰጠኛለች፤ እግሯን ትሰጠኛለች። ያንን ክንዷን ግን ራሷ ታጥበዋለች።