ማዳሜ ያስጻፈችኝ፣ እኔ የጨመርኩት

ወገኖቼ፣ አሁንም አላመንኩም። ዛሬ ጠዋት ሻይዋን ይዤ ስገባ ተኝታለች ብዬ መጋረጃውን ከፈትኩ። መጋረጃ ሲከፈት ሳትነጫነጭ ቀርታ አታውቅም። ዝም ስትል ደነገጥኩ። ማዳሜ፣ ማዳም ኦዴት፣ በሰማንያ አራት ዓመቷ እንቅልፏ ላይ እንዳለች አርፋለች።

ጅዴይዴ ሰፈር ያላችሁ የጸሎት እህቶቼ ታውቋታላችሁ፤ "ልቧን እንዲያራራልኝ ጸልዩ" እያልኩ ያስቸገርኳችሁ ሴትዮ ናት። ለማታውቋት፣ እዚህ ዓረብ አገር፣ ባዳሮ የሚባል ሰፈር ውስጥ ስድስት ዓመት የሠራሁላት ናት። ሥዕል ትሰበስባለች። ግድግዳው አልበቃ ብሏት ሽንት ቤት ውስጥ እንኳን አራት ሰቅላለች። አቧራቸውን የምጠርገው እኔ ስለሆንኩ ከእሷ በላይ አውቃቸዋለሁ።

ሥዕል ስትገዛ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ታስመጣና ወጥ ቤት፣ ከሳህን ማጠቢያው ፊት ለፊት ታሰቅለዋለች። እኔ እያየሁት ሳህን አጥባለሁ። ሳምንቱ ሲያልቅ "ዘኒ፣ ሰለቸሽ?" ትለኛለች። ሰለቸኝ ካልኩ ኸላስ፣ ይመለሳል።

አንድ ስመ ጥር ሠዓሊ ሥዕሉ ሲመለስበት ተናዶ መጣ። "ማነው ያልወደደው?" አላት። ወደ እኔ ጠቆመችው። ጓንት እንዳጠለቅኩ፣ አረፋ ከእጄ እየተንጠባጠበ ቆሜያለሁ። ምን ልበል? "ላሟ ታሳዝነኛለች፣ የታመመች ትመስላለች" አልኩት። ለካ ሰውየው የሳለው ፈረስ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ቸኮላቱን ለእሷ ሳይሆን ለእኔ ሰጠኝ።

ሌላው አመሏ ደብተር ነው። ከአሥራ ሦስት ዓመቷ ጀምሮ ውሎዋን ሳትጽፍ የቀረችበት ቀን የለም። ማንን እንዳየች፣ ምን እንደገዛች፣ ከማን ጋር እንደተጣላች። አንድ ቁም ሳጥን ሙሉ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ዓይኗ ሲደክም "መጻፍ ትችያለሽ?" አለችኝ። "እችላለሁ" አልኩ። በምን ቋንቋ ብላ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳት። እሷ በዓረብኛ ትናገራለች፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ። "ያኒ፣ ያልኩትን ብቻ ጻፊ!" ትለኛለች ሁልጊዜ፣ ጣቷን ቀስራ።

ከወር በኋላ ጎረቤታችን ደብተሩን ከፍታ ስታይ ጮኸች። "ኦዴት! ሹ ሃይዳ? ይሄ ጉንዳን የሄደበት የሚመስለው ምንድነው?" በቃ ሻንጣዬን ልሸክፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ማዳሜ ግን እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። "እንዲያውም ይሻላል፣ አንቺ አታነቢውም" አለቻት።

እውነቱን ልናገርና፣ ያለችውን ብቻ አልጻፍኩም። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ጨማምሬበታለሁ። "ሠዓሊውን ምሳ ጋበዝኩት" ስትል ከሥሩ "ያበሰልኩት እኔ ነኝ" ብዬ እጽፋለሁ። "ዛሬ ማንንም አልተቆጣሁም" ስትል "ውሸት" እላለሁ። መልሼ በዓረብኛ ሳነብላት ታዲያ የኔን እየዘለልኩ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ልጇ ናዲን ከፓሪስ በቪዲዮ ደወለች። በኮሮና ምክንያት አውሮፕላን የለም፣ መምጣት አልቻለችም። ዓይኗ አብጧል። ስድስት ዓመት ሙሉ በደወለች ቁጥር "እማማን ስጪኝ" ብቻ የምትለኝ ሴት "ዘኒ፣ ሲልቩፕሌ፣ የመጨረሻውን ደብተር አንብቢልኝ" ብላ ለመነችኝ።

እንዴት እንቢ ይባላል? ከፈትኩት። የወጣልኝ ገጽ ደግሞ ስለ ራሷ ስለ ናዲን ነው። "ናዲን ደወለች። ሰባት ደቂቃ። መጀመሪያ ስለ ሥዕሎቹ ጠየቀችኝ፣ ከዚያ ስለ እኔ።"

እናቷ ገና ሳትቀበር እንዲህ ያለ ነገር ይነበባል? ልዝለለው አልኩ፣ ማን ያውቅብኛል? ግን የሟች ቃል ነው፣ የራሴ አይደለም። አነበብኩት።

ናዲን ወደ ስልኩ ተጠጋች። ከዚያ "ሰዓት ትይዝብኝ ነበር?" አለች።

"ኧረ እሷ አይታያትም፣ ሰዓት የምይዘው እኔ ነኝ" አልኳት።

እያለቀሰች ሳቀች። "ያላ፣ ቀጥዪ።"

"አልቋል።"

"ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ ይታየኛል እኮ።" ለካ ስልኩን ደብተሩ ላይ አዙሬዋለሁ።

"እሱ የኔ ነው። ማዳም አላለችውም።"

"አንብቢው፣ ዘኒ።"

አነበብኩላት። "ከተዘጋ በኋላ ማዳም ስልኩን ደረቷ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ቤቱን ልጠርግ ነበር፣ እንዳልረብሻት ተውኩት። ምሳ ሳቀርብም አላስቀመጠችውም። በግራ እጇ እንደያዘችው በላች።"

ናዲን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔም አልቻልኩም። ሁለታችንም ስልኩ ላይ ተነፋረቅን።

ማዳሜ፣ ቀብርሽ ነገ ነው። በዚህ በሽታ የተነሳ ብዙ ሰው አይፈቀድም፤ ወንድምሽና እኔ ብቻ ነን። ልጅሽ "በኔ ቦታ ቁሚልኝ" ብላኛለች። እቆምላታለሁ። መጀመሪያ የእሷን አለቅስልሻለሁ፣ አደራዋ ነው። ከዚያ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ የራሴን አለቅሳለሁ። ደህና ሁኚ፣ ማዳሜ።