ዮናስ ያጣራው ዘይት

ባለፈው ሳምንት የመኪናዬን ዘይት ላስቀይር ሸጎሌ አንድ ጋራዥ ገባሁ። ሚኪ የሚባለው ወጣት መካኒክ የተቃጠለውን ዘይት ወደ በርሜል ሲገለብጥ አይቼ፣ ነጋዴ አይደለሁ፣ የት እንደሚያደርሱት ጠየቅኩት። ለአጥር እንጨት መቀቢያ የሚወስዱ አሉ አለኝ። አጣርቶ ለሞተር መመለስስ ስለው ራሱን ነቀነቀ። የኬሚስትሪ መምህሩ በወጣትነታቸው በአልኮል ሞክረውት አልሠራም ብለውታል።

"መምህርህ ማን ይባላሉ?"

"ጋሽ ዮናስ። ዐርፈዋል እኮ።"

ማረፉንስ አውቃለሁ። ቀብሩ ላይ ነበርኩ።

ከዮናስ ጋር ጉለሌ አንድ ግቢ ነበር የምንኖረው። እሱ ኬሚስትሪ ከዩኒቨርሲቲ፣ እኔ ሰው ማሳመን ከመርካቶ የተመረቅንበት ሰሞን ነው። ያኔ የተቃጠለ ዘይት የሚያጣሩት በአሲድ ነበር፤ የሚተርፈውን ጥቁር አተላ ወንዝ ውስጥ ይደፉታል። የዮናስ እናት ደግሞ ወንዙ ዳር ጎመን ይተክላሉ። ስለዚህ ከሸንኮራ ተረፈ ምርት የሚወጣ አልኮል ፈልጎ አመጣ። ዘይቱን ከአልኮሉ ጋር በጥብጦ ያስቀምጠዋል፤ ቆሻሻው ይዘቅጣል። ከላይ የቀረውን በፈላ ውሃ ላይ አሙቆ አልኮሉን በቱቦ ይመልስና ለሚቀጥለው ዙር ያንኑ ይጠቀማል። ወንዙ ምንም አይደርሰውም። ክረምት ነበር። ከእንጦጦ የሚወርደው ጉም የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ ግቢያችን ይገባል፤ እኛ በጠቆረ ጣት የበቆሎ ጥብስ እየፈለፈልን ከቱቦው ጫፍ የምትወርደውን ጠብታ እንጠብቃለን።

ዘይቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። በጣቶቼ መሃል አሸሁት፤ ቅንጣት ቆሻሻ የለበትም። ቀለሙ ግን ጠቆር እንዳለ ቀረ። ዮናስ ቀለም ሞተር አያንቀሳቅስም ይል ነበር። እኔ ግን ገዢን አውቃለሁ።

በታላቅ ወንድሙ በግርማ ሚኒባስ ልንሞክረው ተስማማን፤ አንድ ወር ከሠራ የሰፈሩ ጋራዦች ሊገዙን ቃል ገብተዋል። ግርማ ጀሪካኑን ከፍቶ አየና፣ "መኪናዬን ቡና አላጠጣም" አለ። ዮናስ አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ እሱ ቤተ ክርስቲያን ሳለ ጀሪካኑ ውስጥ ላምባ ጨመርኩ። የለካሁት በዓይኔ ነው። ቀለሙ ፈካ፤ ግርማም አሁን ገና ዘይት መሰለ ብሎ አስሞላ። ዮናስ ምን አፈካው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ ሲያድር ጠልሎ ነው አልኩት። የተማረ ሰው ነበር፤ ግን ጓደኛውን አመነ።

በሦስተኛው ቀን የእንጦጦ ዳገት ላይ ሞተሩ ነከሰ። ላምባው ዘይቱን አቅጥኖት ብረት ከብረት ተያይዞ ቀረ። ግርማ ሰው ፊት፣ "ትምህርትህን ቀቅለህ ብላው" አለው። ዮናስ ቱቦውንም በርሜሉንም ለቆራሌው ሰጠ።

"የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ አላገኘሁትም፣ ኑሬ" አለኝ።

"ተወው በቃ፣ ሌላ ሥራ እንፈልጋለን" አልኩት።

እሱ አስተማሪ ሆነ፤ እኔ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈትኩ። በየበዓሉ እንጠያየቅ ነበር። በየበዓሉም ለሚቀጥለው እነግረዋለሁ እያልኩ እመለስ ነበር። እሱ ደግሞ ያልሠራውን ስህተት ለልጆች ሲያስተምር ኖሯል።

"መምህርህ አልተሳሳቱም" አልኩት ለሚኪ፤ ሁሉንም ነገርኩት። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሚኪ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አዳመጠኝ።

"ለእሳቸው ነግረዋቸው ነበር፣ ጋሼ?"

የዘይቱን ዋጋ ጠየቅኩት። ሚኪም አዲሱን ዘይት ሞልቶ መለኪያ ዘንጉን መዘዘና አሳየኝ። ወርቅ ይመስላል። ጥሩ ነው አልኩት፣ ፊቴን ወደ እንጦጦ አዙሬ።