ከመርሳ የቀረበችው ምስክር

ካናዳ ሄጄ በሙያዬ፣ በእንስሳት ሕክምና፣ ለመሥራት አመልክቼ የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ደረሰኝ። መርሳ ላይ ኔትወርክ የሚሻለው አጎቴ ሸህ ይማም በረንዳ ላይ ስለሆነ ላፕቶፔን እዚያ ዘረጋሁ።

ጠያቂዋ፣ እሷም የከብት ሐኪም ናት፣ ፈገግ እንኳ አትልም። መሀል ላይ፣ «ሥራህን በቅርብ አውቆ የሚመሰክርልህ አለ?» አለችኝ።

አጎቴ አጠገቤ ሆነው «ምን አለችህ?» እያሉ ይጎነትሉኛል።

«ምስክር አለህ ወይ ነው የምትለኝ» አልኳቸው በሹክሹክታ።

ብድግ ብለው ወጡ። ተገላገልኩ ብዬ ስለ ቀድሞ አለቃዬ ማስረዳት ስጀምር፣ ላማቸውን እየጎተቱ መጡ።

«ይችን አሳያት እንጂ! ጥጃው አልወጣ ሲል ጎኗን ቀደህ ያወጣህላት አንተ አይደለህም ወይ? ወላሂ እመሰክራለሁ!»

ላሟ ላፕቶፑን አሸተተችው። በቃ፣ አለቀልኝ አልኩ። ሴትዮዋ ግን ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና፣ «እስኪ ጎኗን አዙርልኝ» አለች። ጠባሳውን አይታ ፊቷ ፈታ አለ።

«ጥሩ ስፌት ነው። ሌላስ ምስክር አለህ?»

ይህንን ለአጎቴ መተርጎም አልነበረብኝም። ወዲያው ከአጥሩ ጥግ ድምፃቸውን ሰማሁ፦

«አህመድ! ኧረ አንተ አህመድ! በሬህን ፈተህ ቶሎ አምጣው፣ ልጁ ሊቀጠር ነው!»