የተሰነጣጠቀው የትሬለር ጎማ

ባለፈው ቅዳሜ ሳን ሆዜ አንድ ጎማ ቤት ጎማ ላስቀይር ገብቼ የአዲስ ጎማ ሽታ አፍንጫዬን ሲሞላው፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ወደነበርንበት ኦክላንድ በሐሳቤ ተመለስኩ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

ትምህርት እንደተዘጋ አባቴ ያረጀ ትሬለር፣ በመኪና የሚጎተት ቤት፣ ገዝቶ «ቫኬሽን ሐይቅ ዳር እንሄዳለን» ብሎኛል። እናቴ ግን የብርድ ካፖርቶቻችንን፣ ድስቶቹን ሁሉ ጫነች። «ለልጅቷ ለስንት ቀን ነው ብለህ ነገርካት?» ስትለው ሰማሁ። እሱ ተንበርክኮ የጎማዎቹን ብሎን ያጠብቅ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሽ ተሰማ፣ ታክሲ የሚነዱት፣ ሊሰናበቱን መጥተው የትሬለሩን አንዱን ጎማ ጎንበስ ብለው ዳሰሱት።

«መሬት የሚነካው አዲስ ይመስላል። ጎኑን ግን እየው፤ ፀሐይ ላይ ብዙ ቆሞ ተሰነጣጥቋል። ፍሪዌይ ላይ ይፈነዳብሃል።»

«ሌላ የለኝም፣ ጋሼ። ቤቱን ዛሬ ማስረከብ አለብኝ» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ነገሩ ያኔ ግማሹ ገባኝ። እናቴን ቀና ብዬ ባያት ፊቷን አዞረች።

ጋሽ ተሰማ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «በል እኔ ጓሮ ድረስ ቀስ ብለህ ንዳው» አሉት። የሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ እስኪያልፍ እዚያው ጓሮ፣ ትሬለሩ ውስጥ ኖርን።

ጓሮው ውስጥ ሳለን ትምህርት ሲከፈት አስተማሪያችን ስለ ቫኬሽናችሁ ጻፉ አለችን። ስለ ሐይቁና ስላጠመድነው ዓሣ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ማታ ለአባቴ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩለት። እስክጨርስ አዳመጠኝ።

«ዓሣው ትልቅ ነበር?» አለኝ።

የሳን ሆዜው ጎማ ቤት ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ጠርቶኝ ነው የሰማሁት።